የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እስኪመጣ ምን ይነበብ? ለ12 ጨራሾች

ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ያለውን ጊዜ ታውቁታላችሁ። ውጤት አልመጣም፣ ምደባ የለም፣ ጥሪው መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ዝናቡ ደሞ ከቤት አያስወጣም። ሁለት ሶስት ወር አንዳንዴም ከዛ በላይ ቲክቶክ እየገፉ መዋል ነው። በዚ ሰአት ቤተሰቡም ጎረቤቱም "ዝም ብለህ ከምትተኛ አንብብ እንጂ" ይላል፣ ምን እንደሚነበብ ግን ሚነግር የለም፣ ቢነግርም ያው እንዴት ስኬታማ እንሆናለን ምናምን ሚል መጽሀፍ ነው ሚያመጣላችሁ።

እኔ በበኩሌ የዚ ክረምት ስራ እውቀት መሰብሰብ ነው ብዬ አላምንም። እውቀቱ ካምፓስ ስትገቡ በሀንድአውት መልክ ይወርድባችኋል፣ ኮፒ ቤት ተሰልፋችሁ ትገዙታላችሁ። እስካሁን ያነበባችሁት ነገር ሁሉ ለፈተና ነው፣ ቸከላ ነው፣ ገጹ ስር አስምራችሁ ይሄ ይመጣል ይሄ አይመጣም እያላችሁ ነው ያለፋችሁት። ስለዚ አሁን ሚያስፈልገው ማንም ሳያዛችሁ፣ ጥያቄ ሳይወጣበት፣ አንድ ወፈር ያለ መጽሀፍ ከዳር እስከ ዳር መጨረስ ብቻ ነው። አንዴ ይሄን ያደረገ ልጅ ካምፓስ ገብቶ 60 ገጽ ሪዲንግ ሲሰጠው አይደነግጥም። ምርጫችሁም "የቱ ይጠቅመኛል" ከሚለው ሳይሆን "የቱ እንቅልፍ ይነሳኛል" ከሚለው ይጀምር።

መጀመሪያ ፈጣኑን

ብዙ ልጅ ማንበብ ሚያቆመው በመጀመሪያው መጽሀፍ ነው። አንድ የተማረ አጎት "ይሄ ትልቅ ስራ ነው" ብሎ ይሰጠዋል፣ ልጁ 15 ገጽ ይታገላል፣ ከዛ "እኔ ንባብ አይሆነኝም" ብሎ ይዘጋዋል። መጽሀፉ ትልቅ ስለሆነ እኮ ነው የከበደው፣ ስህተቱ ለመጀመሪያ መመረጡ ነው።

ስለዚ ረጅም ልቦለድ አንብባችሁ ማታውቁ ከሆነ በይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ ጀምሩ። በ2001 ወጥቶ በየታክሲው በየክፍሉ ሲነበብ የነበረ ነው፣ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ገዳም አለ፣ ስለላ አለ፣ ሳይንቲስት አለ፣ ምእራፉ ሲያልቅ ቀጣዩን ሳትከፍቱ መተኛት አትችሉም። ከስነጽሁፍ ሰዎች ብዙ ትችት ደርሶበታል፣ አንዳንዱ ትችት ልክ ነው፣ ግን መጽሀፍ ነክቶ ማያውቅ ልጅን በሁለት ቀን 300 ምናምን ገጽ ማስነበብ ቀላል ነገር አይደለም። ከወደዳችሁት ራማቶሓራና ዣንቶዣራ ይከተላሉ። የአለማየሁ ዋሴ እመጓ ደሞ በዚሁ መስመር ያለ ነው፣ ወደ መንዝ ገዳማት ሚወስድ ጉዞና ምስጢር፣ ጸሀፊው በሙያው የደን ተመራማሪ ስለሆነ ስለ ዛፉና ስለ መሬቱ ሲያወራ ያስታውቃል።

መጽሀፍ ስትመርጡ የ20 ገጽ ህግ ያዙ። አዟሪው ጋር ቆማችሁም ሆነ ጓደኛችሁ ቤት፣ መጀመሪያውን 20 ገጽ አንብቡ። ስልካችሁን ለማየት ስንቴ እጃችሁ ወደ ኪሳችሁ እንደሄደ አስተውሉ። ደጋግሞ ከሄደ ያ መጽሀፍ ለአሁን አይደለም፣ አስቀምጡት፣ ምንም ሀጢያት የለበትም። ከዚ ህግ ውጪ ማደርገው አንድ መጽሀፍ ብቻ ነው፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው ላይ ኦሮማይ። በዓሉ ግርማ በ1975 ያሳተመው ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ አዲስ አበባ ላይ እጮኛ አለችው፣ ደርግ ኤርትራ ላይ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይላካል፣ እዛ ፊያሜታን ያገኛታል፣ ከዛ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። መጽሀፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ደሞ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፣ እስከዛሬ ምን እንደደረሰበት በይፋ አልታወቀም። ይሄን አውቃችሁ ስታነቡት እያንዳንዱ ገጽ ሌላ ክብደት አለው። አረፍተ ነገሩ ደሞ አጭር ነው፣ ይሮጣል፣ የ40 አመት መጽሀፍ አይመስልም።

ስለ ካምፓስ እራሱ

ካምፓስ ምን እንደሚመስል ከሲኒየር ወሬ ይልቅ ከመጽሀፍ ይሻላል፣ ሲኒየር ያጋንናል። የሲሳይ ንጉሡ ሰመመን እናትና አባታችሁም ሊያውቁት ሚችሉት የዩኒቨርሲቲ ልቦለድ ነው። አቤል የሚባል ሰቃይ ተማሪ ትዕግስት የምትባል ልጅ ያፈቅራል፣ መናገር ያቅተዋል፣ ትምህርቱ ይንሸራተታል። ዛሬ ላይ ስታነቡት "ቴክስት አያደርግላትም እንዴ" ትሉ ይሆናል፣ ግን ውስጡ ያለው ነገር አሁንም በየዶርሙ አለ፣ ውጤቱ ለምን እንደወረደ ለማንም ሳይናገር ሴሚስተር ሙሉ ኮርኒስ እያየ ሚተኛ ልጅ። ከመግባታችሁ በፊት እሱን ልጅ በመጽሀፍ ማወቁ ጥሩ ነው፣ ነገ ዶርም ሜታችሁ ይሆናል፣ ወይም እናንተው።

ሌላኛው ልቦለድ አይደለም፣ የሕይወት ተፈራ ማስታወሻ ነው፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የታተመ፣ በአማርኛ ማማ በሰማይ የሚባለው። ከሀረር የመጣች ፍሬሽ ተማሪ በንጉሱ ዘመን መጨረሻ ስድስት ኪሎ ገብታ ፖለቲካ ውስጥ እንዴት እንደተሳበች፣ የትግል ጓዷን ጌታቸው ማሩን እንዴት እንዳፈቀረች፣ ከዛ ደሞ አብዮቱ ሲመጣ ምን እንደከፈለች፣ ለአመታት እስር ቤት እንደቆየች ትተርካለች። ብዙ ሰው የዛን ዘመን መጽሀፍ ሲጽፍ እከሌ ድርጅት እንዲ አለ እከሌ እንዲ አለ ብሎ ክርክር ያደርገዋል፣ እሷ ግን ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ግቢው፣ ስለ ፍርሀቷ ነው ምትጽፈው። ግቢ ስትገቡ በመጀመሪያው ወር አንዱ መጥቶ "አንተ የኛ ልጅ አይደለህ እንዴ፣ ና ስብሰባ አለን" ማለቱ አይቀርም፣ የብሄርም ይሁን የሌላ። ከዛ በፊት በ18 አመት እድሜ ቡድን ውስጥ መግባት ምን ያህል እንደሚጣፍጥና ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከራሷ አፍ ስሙ። እኔ ከዚ ዝርዝር አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ለሴት ልጅም ለወንድ ልጅም ይሄን ነው ምሰጠው።

ህጉን ሚጥሰው መጽሀፍ

ፍቅር እስከ መቃብር ነው ያው። ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ያሳተሙት፣ ሁሉም ሰው ምርጥ ነው ሚለው፣ ከሚሉት ግን ግማሹ ያልጨረሰው። ችግሩ የት ጋር እንደሆነ ልንገራችሁ። ሁላችሁም የበዛብህና የሰብለወንጌልን ፍቅር ትጠብቃላችሁ፣ መጽሀፉ ግን ሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች ነው፣ ከነቦጋለ መብራቱና ከነውድነሽ በጣሙ፣ እሱ እስኪወለድ እስኪያድግ ቤተክህነት እስኪማር ረጅም መንገድ አለ፣ አማርኛውም የድሮ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ምእራፎች እንደ ክረምት ጭቃ እግር ይይዛሉ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ መጀመሪያውን አታንብቡት፣ ስሙት። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ዩቲዩብ ላይ አለ። የሱ ድምጽ ጆሯችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ መጽሀፉን ስትከፍቱ አረፍተ ነገሩ እራሱ ይተነፍሳል፣ ረጅሙ አረፍተ ነገር የት ጋር እንደሚያርፍ ታውቁታላችሁ። በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ ትረካውን ዝጉና በራሳችሁ ቀጥሉ፣ ከዛ በኋላ ማንም አያስቆማችሁም።

ለምን በዚ እድሜ? ፍቅሩን ተዉት፣ ፍቅር የትም አለ። በዛብህ እናቱ ለስለት የሰጠችው ልጅ ነው። ሳይጠየቅ የተገባለትን ቃል ሙሉ እድሜውን ተሸክሞ ይዞራል፣ የሚወዳትን ልጅ ሲያስብ እንኳ ስለቱ ከፊቱ ይቆማል። አሁን ቆም በሉና በክፍላችሁ ስንት ልጅ "እናቴ ዶክተር ነው ምትለኝ ከአምስት አመቴ ጀምሮ" ሚል እንደነበር አስቡ። ዲፓርትመንት ምርጫ ስትሞሉ ይሄ ልጅ ትዝ ሊላችሁ ይገባል። ጉዱ ካሳን ደሞ ሳትስቁ አታልፉትም፣ ሰፈሩ ሁሉ እብድ ሚለው ከሁሉም በላይ ልክ ሚናገር ሰው፣ በየግቢው አንድ አለ፣ ስታገኙት ቡና ጋብዙት። በነገራችን ላይ ታሪኩ ሚጀምርበት ማንኩሳ የበዕውቀቱ ስዩምም አገር ነው፣ ስለዚ ወፍራሙን ጨርሳችሁ መሳቅ ስትፈልጉ ወደሱ ከአሜን ባሻገር መሄድ ትችላላችሁ፣ ጉዞና ታሪክ እየቀላቀለ ሚቀልድ ነው፣ በየትኛውም ገጽ ቢከፈት ይነበባል።

ከዲፓርትመንት ምርጫ ጋር ሚሄድ ሌላ አለ፣ አሁንም በዓሉ ግርማ፣ ከአድማስ ባሻገር፣ 1962። አበራ ወርቁ የተማረ የመንግስት ሰራተኛ ነው፣ ደሞዝ አለው፣ ስራው የተከበረ ነው፣ እሱ ግን ሰአሊ መሆን ነው ሚፈልገው፣ ቤተሰብ ደሞ አይሰማም። ጸሀፊው አበራን ጀግና አላደረገውም፣ ያወላውላል፣ ያኮርፋል፣ አንዳንዴ ልትመቱት ሁሉ ያምራችኋል። ለዛ ነው እውነት ሚመስለው። ህልምህን ተከተል ብሎ ሚጨርስ መጽሀፍ ከፈለጋችሁ ይሄ አይደለም።

አባትና ልጅ

ይሄ ብዙ ሰው ማይጠቁመው ጥምረት ነው። ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በልጅነታቸው አድዋ ዘመቻ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ከዛ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ሄደው እዛ ተማሩ፣ ተመልሰው በ1923 የመጀመሪያውን ህገ መንግስት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። የህይወት ታሪካቸው ኦቶባዮግራፊ በሚል ታትሟል። ቋንቋ ማያውቅ ልጅ በረዶ አገር ሲገባ፣ ከቤት ሲርቅ፣ ሰው ሁሉ ሲያየው። ወለጋ ወይም ጅግጅጋ ተመድባችሁ "እንዴት እኖራለሁ" እያላችሁ ምታለቅሱ ካላችሁ እሳቸውን አንብቡ። ሙሉውን አንብቡ አልልም፣ ረጅም ነው፣ የልጅነቱንና የሩሲያውን ክፍል ብቻ ብታነቡ ይበቃል።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለሐዋርያት ደሞ በ1941 አርአያን ጻፉ፣ ፈረንሳይ አገር እርሻ ተምሮ ሚመለስ ወጣት ታሪክ፣ ያወቀውን አገሩ ላይ ልስራበት ሲል ቢሮው፣ ምቀኛው፣ ከዛም ጣሊያን። አባት የኖረውን ልጅ ልቦለድ አደረገው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱን አከታትሎ ማንበብ በጣም ደስ ይላል። አርአያ ምክር ያበዛል፣ ያ የዘመኑ ነው፣ ምክሩን ዘለል እያደረጋችሁ እለፉት።

ተማርኩ ብሎ አገር ቤት ሚመለስ ወጣት ጉዳይ ከሳባችሁ የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስም አለ፣ ግን እሱን ለሁለተኛ አመት አቆዩት። አማርኛው እጅግ የጠጠረ ነው፣ አሁን ከጀመራችሁት ትተዉታላችሁ፣ በኋላ ግን ትንሽ ተምሮ ገጠር ገብቶ ሰዉን ሁሉ ልከራከር ሚለው ልጅ እራሳችሁ እንደሆናችሁ ስታውቁ ትወዱታላችሁ።

እንግሊዝኛው

እዚ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ፍሬሽ ተማሪን ከሚያስለቅሱት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ፣ ማቴሪያሉ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ። ግራመር ያወቃችሁ ቢመስላችሁም አንድ ሙሉ መጽሀፍ በእንግሊዝኛ ካልጨረሳችሁ ዓይናችሁ ገና አልለመደም። ስለዚ ከአማርኛዎቹ መሀል ቢያንስ አንድ ሁለት በእንግሊዝኛ ይግባ፣ ቀጭን የሆነ፣ የፈረንጅ ሳይሆን የአፍሪካ ጸሀፊ። የአፍሪካ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ቤቱን፣ እናቱን፣ ድህነቱን፣ የሰፈሩን ሰው ስለምታውቁት ቃሉ ቢጠፋችሁም ነገሩ አይጠፋችሁም።

ከኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ዊፕ ኖት ቻይልድ ጀምሩ፣ 1964 በፈረንጆች የወጣ፣ በጣም ቀጭን። ገና ሲጀምር እናት ልጇን ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች፣ ልጁ ማመን ያቅተዋል፣ እሷ ደሞ ድሆች መሆናችንን ታውቃለህ፣ ምሳ ሁሌ ላይኖር ይችላል ትለዋለች። አረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ዘጠነኛ ክፍል እያላችሁ ምታነቡት እንግሊዝኛ ነው። ከዛ ቺኑዋ አቼቤ። ሁሉም ሰው ቲንግስ ፎል አፓርትን ይላል፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ካምፓስ ለሚገባ ልጅ ተከታዩን ኖ ሎንገር አት ኢዝን ነው ማስበልጠው። ኦቢ የሚባል ልጅ አለ፣ የመንደሩ ሰዎች ማህበር ገንዘብ አዋጥቶ 800 ፓውንድ አበድሮ እንግሊዝ ይልከዋል፣ ህግ ተምሮ መጥቶ የመሬት ክርክራቸውን እንዲይዝላቸው። እሱ እዛ ሄዶ ስነጽሁፍ ተማረ! ተመልሶ ሌጎስ ጥሩ ስራ ያዘ፣ መኪና ገዛ፣ ብድሩ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ የወንድም ትምህርት ክፍያ አለ፣ ሰው ሁሉ ከሱ ይጠብቃል። መጽሀፉ ሚከፈተው በጉቦ ተከሶ ፍርድ ቤት ቆሞ ነው፣ እንዴት እዛ እንደደረሰ ነው ቀሪው። ለቤቱ የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆናችሁ ልጆች፣ ይሄ የእናንተ ነው።

ኢንጂነሪንግ ምናምን ምታስቡ ደሞ የማላዊው ዊልያም ካምክዋምባ ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ። በረሀብ ዘመን ክፍያ አጥቶ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ፣ የመንደሩ ላይብረሪ ውስጥ ስለ ኢነርጂ የተጻፈ መጽሀፍ ያገኛል፣ እንግሊዝኛው ይከብደዋል፣ ስእሎቹን እያየ ይረዳና ከሳይክል እቃና ከብረት ቁርጥራጭ የንፋስ ወፍጮ ሰርቶ ቤታቸው መብራት ያበራል። ፊልሙ አለ፣ መጽሀፉ ላይ ግን እያንዳንዱን እቃ ከየት እንዳመጣው ነው ሚነግራችሁ፣ ለዛ ነው መጽሀፉን ምለው።

እንግሊዝኛ ስታነቡ ቃል ባልገባችሁ ቁጥር ዲክሽነሪ አትክፈቱ፣ በአንድ ገጽ አስር ጊዜ ትከፍቱና ታሪኩ ይጠፋባችኋል፣ ትሰለቻላችሁ። በእርሳስ ከስሩ አስምሩና እለፉ። ምእራፉ ሲያልቅ ተመለሱ፣ ካሰመራችሁት ውስጥ ሶስቴ አራቴ የተደጋገመውን ብቻ ፈልጉ፣ ሌላውን ተዉት። መጽሀፉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ማስመሩ እየቀነሰ እንደመጣ ታዩታላችሁ። ጮክ ብሎ ማንበብም አሪፍ ነው፣ ያው የቤት ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ።

ለፍሬሽማን ኮርስ ሚያግዙ ብላችሁ ምትጠይቁ ስላላችሁ በአጭሩ። ፍሬሽማን ላይ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ትወስዳላችሁ፣ አንትሮፖሎጂም አለ። ለታሪኩ የባሕሩ ዘውዴ የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983፣ ንጹህ አማርኛ ነው፣ ቀስ እያላችሁ። ለአንትሮፖሎጂው የፍቅረማርቆስ ደስታ ከቡስካ በስተጀርባ፣ ሀመር ውስጥ ሚካሄድ ልቦለድ ነው፣ ካርለት የምትባል ፈረንጅ ተመራማሪ አለችበት። ልቦለድ መሆኑን አትርሱ፣ ሀመርን ከሱ ብቻ አወኩ እንዳትሉ፣ ግን ስለ ሌላ ሰው ባህል የመጠየቅ ፍላጎት ያመጣል።

ሞቲቬሽናል መጽሀፎችን በተመለከተ፣ አታንብቡ አልልም ግን በዚ ክረምት አታስቀድሟቸው። አንዱን ካነበባችሁ ሌሎቹን አነበባችሁ ማለት ነው፣ ለሶስት ቀን ያሞቃሉ። ስለ ራስ ማሰብ ካማራችሁ የሳይካትሪስቱ የምህረት ደበበ የተቆለፈበት ቁልፍ በልቦለድ መልክ የተጻፈ ስለሆነ እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ሰው አለበት፣ ታሪክ አለበት።

እንዴት ይነበባል፣ ከየትስ ይመጣል

ስልኩን ካልተለያችሁ ማንበብ የለም፣ አጭርና ግልጽ ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ቻርጅ ይደረግ፣ መጽሀፉ አልጋ ላይ። ጠዋት ከሆነ ይበልጥ ይሻላል ምክንያቱም ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ሰውም ቴሌቪዥን ይከፍታል። በቀን ይሄን ያህል ገጽ ብላችሁ አትወስኑ፣ ገጽ መቁጠር ሲጀመር ወደ ፈተና ተመለሳችሁ ማለት ነው። ሰአት ያዙ፣ ከቁርስ እስከ ቡና ምናምን ብላችሁ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ጥሩ ቦታ ላይ አቁሙ። ምእራፉን ጨርሳችሁ ሳይሆን ነገሩ ሲሞቅ መሀል ላይ ዝጉት፣ ነገ እራሱ ይጠራችኋል።

መጽሀፍ ተወዷል፣ ወረቀት ሲወደድ እሱም አብሮ ወጣ፣ ይሄን ማንም አይክድም። አዲስ አበባ ያላችሁ ለገሀርና ብሄራዊ ቲያትር አካባቢ ያሉትን መደብሮችና አዟሪዎች እዩ፣ አራት ኪሎም ያገለገለ መጽሀፍ ይገኛል። አዟሪ ጋር ስትሄዱ ርእሱን ቶሎ አትናገሩ፣ ፊታችሁ ላይ ጉጉት ካየ ዋጋው ይወጣል፣ ሌላ መጽሀፍ እያያችሁ በመሀል ያን ጠይቁ። ስትገዙ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጉ፣ አንዳንድ እትም ላይ ገጽ ተዘሎ ወይም ተደግሞ ይገኛል። አንዳንዱ አዟሪ ያከራያል፣ ማስያዣ ትሰጣላችሁ፣ አንብባችሁ ስትመልሱ ትንሽ ቀንሶ ይመልሳል፣ ለፈጣን አንባቢ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ምንም ብር ከሌለ ብሄራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ፣ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አራት ኪሎ ነው፣ እዛው ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው፣ ዝናቡንም ታመልጣላችሁ። ክልል ያላችሁ የከተማውን የህዝብ ቤተ መጻሕፍት ሳትጠይቁ አትለፉ፣ ድሮ የገቡ ጥሩ ጥሩ መጽሀፎች አቧራ ለብሰው ይጠብቃሉ።

ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ይገኛል ማለታችሁ አይቀርም። ይገኛል። አብዛኛው ግን በስልክ ካሜራ የተነሳ፣ የሰው አውራ ጣት ገጹ ጥግ ላይ ያለበት፣ 142 ቀጥሎ 145 ሚመጣ ነገር ነው፣ ልክ ሲያጓጓ ጥሎ ይጠፋል። ከዛ በላይ ደሞ በህይወት ያለ ደራሲ ለአመታት የለፋበትን በነጻ መውሰድ ነው፣ ደራሲዎቻችን ደሞ ከመጽሀፍ ሽያጭ ውጪ ሌላ ምን አላቸው።

ሚሻለው ዘዴ ይሄ ነው፣ አራት አምስት ጓደኛ ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ የተለያየ መጽሀፍ ግዙና ተዟዟሩ፣ በአንድ መጽሀፍ ዋጋ አምስት ታነባላችሁ። ግሩፕ ከፍታችሁ ስፖይለር ሚናገር ቡና ይጋብዛል በሉ። ስታነቡ ሚያወራችሁ ሰው ካለ መጽሀፉ ሚያልቅበት ፍጥነት ሌላ ነው፣ በተለይ ኦሮማይን አብራችሁ አንብቡ፣ ፊያሜታ ላይ መጨቃጨቃችሁ አይቀርም።

ለታላላቆችና ለወላጆች አንድ ቃል። መጽሀፍ ገዝታችሁ ስትሰጡ "ጨርሰህ ንገረኝ" አትበሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ተዉትና ሂዱ። ልጁ ዴርቶጋዳ ይዞ ሲያመሽ "እሱን ቆሻሻ ትተህ ቁምነገር አንብብ" ያላችሁ ቀን ሁለቱንም ነው ሚተወው። እራሳችሁ በዛ እድሜ ከትራስ ስር ደብቃችሁ ያነበባችሁትን መጽሀፍ ፈልጋችሁ አንዴ ንገሩት፣ እሱን ፈልጎ ያነበዋል። ልጁ ማንበብ ስለሌለበት መጽሀፍ ምትጨነቁ ከሆነ ደሞ፣ የስብሐት ገብረእግዚአብሔርን አንዳንድ መጽሀፎች ብትደብቁበትም የት እንደደበቃችሁ ያውቃል።

ለስጦታ ምታስቡ ደሞ ነገም ሌላ ቀን ነውን አስቡ። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ ወረቀት በማይገባበት ቦታ፣ የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው ጎን ዊዝ ዘ ዊንድን ወደ አማርኛ የተረጎመው፣ እየተደበቀ ወጥቶ በኋላ መጽሀፍ ሆነ። በጣም ወፍራም ነው፣ ለክረምቱ አይደርስም፣ ግን ዶርም ውስጥ ለአንድ ሴሚስተር ይበቃል።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ሁለት መጽሀፍ ያዙ፣ አንድ ወፍራም አንድ ቀጭን፣ ከዛ በላይ አትሸከሙ፣ ሎከሩ ጠባብ ነው ብርድ ልብስም አለ። ወፍራሙ ያልጀመራችሁት ይሁን፣ ቀጭኑ የወደዳችሁትና ደግማችሁ ምታነቡት፣ ፋይናል ሲደርስ ጭንቅላት ለማሳረፍ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማችሁንና የዶርም ቁጥራችሁን ጻፉበት፣ መሀል ገጽ ላይም አንድ ቦታ ድገሙት፣ የመጀመሪያው ገጽ ሊቀደድ ይችላል። ዶርም ውስጥ "እስቲ ለዛሬ ልየው" ተብሎ የተወሰደ መጽሀፍ ሶስት ብሎክ ዞሮ ነው ሚገኘው፣ ከተገኘ። ያዋሳችሁትን ስልካችሁ ላይ ኖት አድርጋችሁ ያዙ፣ ማን፣ መቼ፣ የቱን። የቀሩትን ለታናሽ ወንድም ወይም እህት ስትተዉ ግን ዴርቶጋዳን ከላይ አድርጉት፣ ባሕሩ ዘውዴን ከስር።